በቀን አምስት ሳንቲም፦ የአንድ ትልቅ ሆስፒታልና የሠራተኛ ማኅበራቱ ታሪክ

በየሪዩኒየኑ በቅርብ የተመረቁ ልጆች ጥግ ይዘው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። “ዶክተር፣ አሜሪካ ሥራ ስፈልግ ዩኒየን ያለበት ትልቅ ድርጅት ይሻለኛል ወይስ የሌለበት?” በአንድ ቃል መመለስ ያቅተኛል። ስለዚህ ዘንድሮ የአንድ ድርጅት ታሪክ ልተርክና ከራሴም ትንሽ ልጨምር። ድርጅቱ ካይዘር ፐርማነንቴ ነው። እኔ እዚያ አልሠራም፤ ግን ለጥያቄው ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1933 ሲድኒ ጋርፊልድ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪም በካሊፎርኒያ በረሃ 12 አልጋ ያላት ሆስፒታል ከፈተ። ታካሚዎቹ ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ሎስ አንጀለስ ውኃ የሚወስደውን ቦይ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። በሽተኛ ሞልቷል፤ ገንዘብ ግን የለም። ኢንሹራንሶቹ ሒሳቡን ያዘገዩበታል፤ እርሱ ደግሞ መክፈል የማይችለውን አልመልስም አለ። ሊዘጋ ሲል አንድ ዘዴ ተገኘ። ኢንሹራንሱ ለሥራ ላይ ጉዳት በአንድ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም አስቀድሞ ይክፈል፤ ለሌላ ሕመም ደግሞ ሠራተኛው ከፈለገ ሌላ 5 ሳንቲም ይጨምር። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉን የሚጠቅመው የሰው መታመም ሳይሆን ጤነኛ መሆን ሆነ። ጋርፊልድ ሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ ሰው እንዳይወጋ ያፈነገጡ ሚስማሮችን ይመታ ነበር ይባላል።

በ1938 የግንባታ ከበርቴው ሄንሪ ካይዘር ለግራንድ ኩሊ ግድብ ሠራተኞቹ ያንኑ ዘዴ እንዲያመጣለት ጠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሪችመንድ ውስጥ መርከብ የሚሠሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚሁ መንገድ ታከሙ። “ፐርማነንቴ” የሚለው ስም በካይዘር ሲሚንቶ ፋብሪካ አጠገብ ከሚፈስ፣ በበጋም ከማይደርቅ ጅረት የተወሰደ ነው።

በ1945 ጦርነቱ አለቀ፤ የመርከብ ሠራተኛው ተበተነ። ድርጅቱ በሩን ለማንም ሰው ከፈተ። ያኔ የየአካባቢው የሐኪሞች ማኅበራት አላስጠጋም አሉት። በወር ክፍያ በቡድን ማከም ሶሻሊዝም ነው ብለው የእርሱን ሐኪሞች አባል አናደርግም ያሉ ነበሩ። የሞሉለት የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው። በ1950 በሃሪ ብሪጅስ የሚመራው የወደብ ሠራተኞች ማኅበር አባላቱን ይዞ ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። እዚህ ቤት ማኅበር መጀመሪያ የመጣው በባላጋራነት ሳይሆን በደንበኛነት ነው።

ሐኪሞቹስ? እነርሱ በ1948 የራሳቸውን ሽርክና መሠረቱ። በ1955 ታሆ ሐይቅ ዳር ከካይዘር ሰዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ተከራክረው ተስማሙ፤ የሕክምናው ጉዳይ የሐኪሞቹ ቡድን፣ ሆስፒታሉና የመድን ዕቅዱ የአስተዳደሩ ሆነ። ስለዚህ ነርሱ፣ ላብራቶሪው፣ ጽዳቱ በማኅበር ሲደራደሩ ሐኪሙ ሸሪክ ነው። እኛ ወደዚህ ዓይነት ቤት ስንገባ የምንገባው በሌላ በር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ማኅበራቱ ያሳደጉት ቤት ሰላም ሆኖ ኖረ? አልኖረም። በ1986 አዲስ ተቀጣሪው ለአንድ ዓይነት ሥራ ከነባሩ ያነሰ ይከፈለው በሚል ዕቅድ ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰባት ሳምንት አድማ ተደረገ። በ1997 ብዙዎቹ ማኅበራትና አስተዳደሩ “ሽርክና” ብለው ተፈራረሙ፤ የካሊፎርኒያ ነርሶች ማኅበር ግን አልገባበትም። ለዓመታት እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ የነበረው ያ ስምምነት ላላ፤ በ2018 ማኅበራቱ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ። በጥቅምት 2023 ከ75,000 የሚበልጡ ሠራተኞች በሰው ኃይል እጥረትና በደመወዝ ምክንያት ለሦስት ቀን ሥራ አቆሙ። ስምምነቱ በአራት ዓመት 21 በመቶ ጭማሪ፣ በካሊፎርኒያም በሰዓት ቢያንስ 25 ዶላር አመጣ።

እንግዲህ ጥቅሙና ጉዳቱ። እኔ የምሠራበት ሌላ ሆስፒታልም ዩኒየን አለው። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት ነርስ “ዶክተር፣ አሁን ብሬኬ ነው፤ ተተኪዬን አናግሪያት” ስትለኝ ደሜ ፈላ። እኛ እኮ ኢንተርን ሆነን 36 ሰዓት ዱቲ ገብተን፣ ግድግዳ ተደግፈን እያንቀላፋን ካርድ የጻፍን ነን። ቆይቶ ገባኝ። ያቺ ነርስ ብሬኳን የምትወስደው ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የኅብረት ስምምነቱ ላይ ስለተጻፈ ነው። የእኔ 36 ሰዓት ግን የትም አልተጻፈም ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በየክፍሉ አንዲት ነርስ ከተወሰነ ቁጥር በላይ በሽተኛ እንዳትይዝ የሚያዘው ሕግ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ፤ ያንንም የገፉት በማኅበር የተደራጁ ነርሶች ናቸው። የተጠቀመው በሽተኛው ነው።

ጉዳቱም አለ። ክሊኒካችን የምሽት ሰዓት ይጀምር ብለን ወራት ፈጀ፤ እያንዳንዷ የሰዓት ለውጥ ድርድር ናት። ቅነሳ ሲመጣ የሚቀረው የቆየው ነው፤ በጣም ጎበዝ የነበረች ልጅ በአገልግሎት ዘመን ማነስ ብቻ ስትሄድ አይቻለሁ። ሕጉ በ1974 ተሻሽሎ ሆስፒታል ውስጥ አድማ ከመደረጉ 10 ቀን በፊት ማስታወቂያ ይሰጥ ብሏል። አሥር ቀኑ ግን ዋርዱን የማያውቁ ጊዜያዊ ነርሶችን ለማምጣት እንጂ የሚያውቁትን ለመተካት አይበቃም። በአድማው ጠዋት በሩ ላይ ሰሌዳ ይዘው ከቆሙት አንዷ ረዳት ነርስ ሆነው የሚሠሩ፣ እትዬ የምላቸው የአገሬ ሰው ነበሩ። አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ፣ “ዶክተርዬ፣ ግቢ እንጂ! እኛ በሌለንበት በሽተኞቹን እይልን” አሉኝ። ያን ቀን ራውንድ ስዞር ከጆሮዬ አልወጣም።

አገር ቤት ላሉ መምህራኖቼና ባልደረቦቼ ደግሞ ይህቺን ልበል። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም፤ የኅብረት ድርድሩም አይደርሰውም። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የሙያ ማኅበር እንጂ ደመወዝ የሚደራደር አይደለም። የዱቲ ሰዓትና የዱቲ ክፍያ ጉዳይ የት ቀርቦ፣ በማን ተፈርሞ ይለቅ የሚለው ጥያቄ እኛ ስንማርም ነበር፤ አሁንም አለ።

ለልጆቹ የምመልሰው ይህ ነው። ዩኒየን ሆስፒታልን ደግ አያደርገውም፤ ጠቡ በወረቀት እንዲሆን ያደርጋል። ወረቀቱ ደግሞ በየጊዜው ካልታደሰ፣ ካይዘር ቤት እንደታየው፣ የቀድሞ ውለታ አያድነውም። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የነርሶቹን የኅብረት ስምምነት ለምናችሁም ቢሆን አንብቡ። መቼ እንደሚያልቅም እዩ። እናንተ ሸሪክ ናችሁ፣ ተቀጣሪ ናችሁ ወይስ አባል? ይህን ሳታውቁ የገባችሁ እንደሆነ፣ በአድማው ጠዋት በሩ ላይ ነው የምታውቁት።