የተጻፈ አጥቢያ፣ ያልተጻፈ መንደር

የገበሬን ኑሮ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ስለዚያ ገበሬ ምን ተጽፎ ቀረ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት የማይመሳሰሉ መልሶችን ጎን ለጎን አቀርባለሁ። አንደኛው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901፣ የነበረው የእንግሊዝ ገጠር አጥቢያ ነው። ሁለተኛው በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር የምትገኘው ዋሂል ናት።

የእንግሊዙ አጥቢያ ከሁሉ በፊት የመዝገብ አገር ነበር። ቄሱ የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን በመጽሐፍ ያሰፍር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪው ስም፣ ዕድሜና ሥራ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 የወጣው ሕግ የቤተ ክርስቲያን አሥራት በገንዘብ እንዲተመን ባዘዘ ጊዜ ደግሞ፣ ቀያሾች በአብዛኞቹ አጥቢያዎች ሰንሰለት እየጎተቱ ማሳውን ለኩ፤ ባለርስቱን፣ የሚያርሰውን ሰው፣ የማሳውን ስምና ስፋት ከካርታ ጋር አያይዘው መዘገቡ። በዚህም ምክንያት ከ180 ዓመታት ገደማ በፊት የትኛውን ቁራሽ መሬት ማን ያርስ እንደነበር ዛሬ ማወቅ ይቻላል።

መዝገቡ መኖሩ ግን ኑሮው የተመቸ ነበር ማለት አይደለም። አብዛኛው መሬት የባለርስቶች ነበር፤ የተከራየው ገበሬ ያሳርሰዋል፤ ከሁሉ በታች ያለው የቀን ሠራተኛ በጥቂት ደመወዝ ያርሳል፣ ያጭዳል። ከአጨዳ በኋላ ሴቶችና ልጆች ከማሳው የቀረውን ዛላ ይቃርሙ ነበር። ጉልበቱ የደከመ ድኃ እ.ኤ.አ. በ1834 በወጣው ሕግ መሠረት ድኆች በጉልበታቸው እየሠሩ ወደሚጠለሉበት ቤት ሊላክ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የእርሻ ሠራተኞች በጆሴፍ አርች መሪነት ማኅበር አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ርካሹ የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በመርከብ እየተጓጓዘ ሲገባ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ብዙዎችም መንደራቸውን ትተው ወደ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ተሰደዱ።

በእነዚያው ዓመታት በእኛ በኩል ምን ይሆን ነበር? የገዢዎቹን ታሪክ እናውቀዋለን። በአሚሮቿ ትተዳደር የነበረችውን ሐረርን በ1868 ዓ.ም. ግብፆች ያዟት፤ በ1877 ለቀው ወጡ። በ1879 ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማይቱን ያዙ፤ ኋላ ራስ የተባሉት መኰንንም ገዢ ሆኑ። ከ1880 ጀምሮ የከብት እልቂትና ረኃብ አገሪቱን መታ፤ ሕዝቡም ዘመኑን «ክፉ ቀን» አለው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የገበሬው ስም የለም። መሬት በቀላድ ሲለካም የተፈለገው የጋሻው ብዛትና ግብሩ ነበር። የገባርነትና የጭሰኝነት ሥርዓት በሕግ ያከተመው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ነው።

ታዲያ እንደ ዋሂል ያለች መንደር ታሪክ የላትም ይባላልን? እኔም በተግባር እንዲህ እንደሚያስብ ሰው የሠራሁበት ቀን አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ የውሃ ሥራ ቅየሳ ወደ ዋሂል ሄጄ ነበር። የያዝኩት ካርታ የከፍታ መስመሮችን እንጂ ሌላ አያሳይም። የቧንቧውን መስመር በአጭሩ መንገድ አሰመርኩና ችካል አስተከልኩ። አብረውን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ችካሎቹን በዝምታ ከተመለከቱ በኋላ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚውም እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «ልጄ፣ ይህ የጎርፍ መንገድ ነው። አያቶቻችን ድንጋዩን የደረደሩት እርሱን ለማብረድ ነው። እዚህ ላይ ከቆፈርክ የታችኛው ማሳ ሁሉ ይሄዳል።» ተራ የድንጋይ ክምር የመሰለኝ ነገር ከወገቡ እስከ ግርጌው በተዳፋቱ ላይ የተዘረጋ እርከን ነበር። መስመሩን ለወጥን። ስሕተቱ የካርታው ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ሰው ሳልጠይቅ ችካል ተክያለሁና።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሐረርጌ ገጠር የማየውን ሁሉ እንደ መዝገብ ማንበብ ጀመርኩ። ማሽላው ጠበቅ ተደርጎ ይዘራል፤ እየሳሳ የሚነቀለው ለከብት መኖ ይሆናል፤ አገዳው ለማገዶና ለቤት ሥራ ይውላል። ምርቱ በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይከማቻል። ከባዱ ሥራ «ጉዛ» በሚባለው የኅብረት ሥራ ይሠራል። ይህ ሁሉ ዝናብ በሚያጥርበት አገር ትውልድ ለትውልድ ያስተላለፈው ስሌት ነው። የእንግሊዙ ገበሬ ችግር የውሃ ብዛት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1846 መንግሥት ለባለርስቶች ገንዘብ እያበደረ ከማሳው ሥር የሸክላ ቧንቧ እንዲቀበርና ውሃው እንዲጠፋ አበረታታ። የእኛ ገበሬ ግን ውሃውን ለማቆየት ድንጋይ ደረደረ። የመጀመሪያው ሥራ በሕግ፣ በብድርና በካርታ ተመዝግቧል፤ ሁለተኛው ከድንጋዩና ከሽማግሌዎች ትዝታ በቀር ማስረጃ የለውም።

የእኛ ሙያ ወደዚህ አገር የገባው በባቡር ነው። ቪክቶሪያ ከሞተች 2 ዓመት ሳይሞላ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ የጅቡቲው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ የተቆረቆረችበት ሜዳ ደረሰ። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሐረር መውጣቱ አስቸጋሪና ውድ ስለነበረ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሜዳ በኩል አለፈ። አንድ የዳገት ስሌት ከተማ ፈጠረ። ጭነት ከግመል ወደ በቅሎና አህያ ይዛወርባት የነበረችው የቅፍለት ማረፊያ ጀልዴሳ ግን ቀድሞ የነበራትን ጥቅም አጣች። በእንግሊዝ ባቡሩ የገጠሩን ወተት ወደ ለንደን እንደወሰደ ሁሉ፣ በእኛም በኩል ጫቱን ወደ ጅቡቲ ወሰደ። ገበሬው በባቡሩ ባይሳፈርም ማሳው ተሳፍሯል ለማለት ይቻላል።

ሜዳውን የመረጠው ስሌት ከበላዩ ያሉትን ተራሮች በቅጡ አላሰበም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎርፉ የመጣው ከከተማይቱ በላይ ካለው ተዳፋት ነው። እዚያ ላይ እርከን የሚያቆም ገበሬ የራሱን ማሽላ ብቻ ሳይሆን በታች የተኛውንም ሕዝብ ይጠብቃል።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር አሳስባለሁ። ወደ ገጠር ለቅየሳ ስንወጣ ከመለኪያው ጋር አንድ ደብተር እንያዝ። የማሳውን ስም፣ የጎርፉን መንገድ፣ እርከኑን ማን እንደሠራውና ማን እንደሚጠግነው ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንጻፍ፤ ከንድፉም ጋር በአንድ መዝገብ እናስቀምጥ። የእንግሊዝ ቀያሾች ለአሥራት ሲሉ የጻፉት የአንድን ሕዝብ ትዝታ ጠብቋል። እኛ ለውሃና ለሕይወት ስንል ብንጽፈው ደግሞ ለታሪክም ለሥራችንም ይበጃል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ቢጠየቁ ይናገራሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ግን ድንጋዩን ማን ያነብልናል?