የሻህ ባኖ ክስና የተፈታች ሴት ሐቅ

ፍች የሁለት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። በሕንድ ግን የአንዲት እናት ፍች አገር አነጋግሯል፤ ሕግም አስወጥቷል።

ወይዘሮ ሻህ ባኖ የኢንዶር ከተማ ነዋሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጠበቃውን መሐመድ አሕመድ ኻንን አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ። ከ43 ዓመት ትዳር በኋላ በ1975 ከቤት ተባረሩ። ባልየው ለሁለት ዓመት ያህል በወር 200 ሩፒ ሰጥተው አቆሙ። እርሳቸውም በ1978 ቀለብ እንዲቆረጥላቸው ከሰሱ። በዚያው ዓመት ባልየው መመለሻ በሌለው ጠላቅ ፈቷቸው። መህር 3,000 ሩፒ ማስገባታቸውንም ጠቅሰው፣ ከዒዳ በኋላ ዕዳ የለብኝም ሲሉ ተከራከሩ።

ፊቅሁ ምን ይላል? የወር አበባዋ ለተቋረጠ ሴት ዒዳዋ ሦስት ወር ነው። ባሏ ሊመልሳት የሚችል ከሆነ በዒዳዋ ቀለብና መኖሪያ እንደሚገባት ዑለማዎች ተስማምተዋል። መመለሻ በሌለው ጠላቅ ለተፈታችና ላላረገዘች ግን ሐነፊዮች ሁለቱንም፣ ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች መኖሪያውን ብቻ ይሰጧታል። ከዚህ ሌላ በሱረቱል በቀራህ 241ኛው አንቀጽ የተነገረው ሙትዓ፣ ማለትም የስንብት ዳረጎት አለ። እንዲህ ላለችው ሴት ሻፊዒዮች ግዴታ ሲሉት ሐነፊዮች የተወደደ ይሉታል። የሕንድ ሙስሊም አብዛኛው ሐነፊይ ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ያንኑ አንቀጽ ጠቅሶ በወር 179.20 ሩፒ እንዲከፈላቸው የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። ሙስሊም ያልሆኑ ዳኞች ቁርኣንን መተርጎማቸው ብዙ ዑለማዎችን አስቆጣ። ሻህ ባኖም ራሳቸው ፍርዱን እንደማይቀበሉት አሳወቁ። በ1986 የወጣው አዲስ ሕግ ባል በዒዳው ውስጥ ተገቢ ስንቅና ቀለብ እንዲሰጥ አዘዘ። በ2001 ፍርድ ቤቱ ይህን ሲተረጉም፣ ዒዳው የመክፈያው ጊዜ እንጂ የስንቁ ልክ አይደለም፤ ስንቁ ለወደፊት ኑሮዋም የታሰበ መሆን አለበት አለ። በ2024ም የተፈታች ሙስሊም ሴት በአገሪቱ አጠቃላይ የቀለብ ሕግ መክሰስ እንደምትችል ወሰነ።

ሸሪዓን መተርጎም የማን ሥራ ነው ብለው ዑለማዎች መጠየቃቸው አግባብ ነበር። ሆኖም አንቀጹ ዳረጎቱን ያሳሰበው አላህን የሚፈሩትን ነው። «የተወደደ» ማለትም «ተወው» ማለት አይደለም። የ43 ዓመት ሚስት በኢሕሳን ተሸኝታ ቢሆን ኖሮ ክሱም ባልተከፈተ፣ ዳኞቹም ቁርኣናችንን ባልገለጡ ነበር።

አላህ በመልካም ከሚይዙት፣ ሲለያዩም በመልካም ከሚለያዩት ያድርገን። አሚን።