ሁለት የጥጥ ቡድኖች

በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ክሪስፓ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ነበር። ካናቴራ ይሠራል፤ ይሸጣል። የቅርጫት ኳስ ቡድንም ነበረው። ቡድኑ «ሬድማናይዘርስ» የሚል ቅጽል የወጣለት ጨርቅ ሲታጠብ እንዳይኮማተር ከሚደረግበት የፋብሪካ ዘዴ ነው። ለስፖርት ቡድን አንበሳ፣ ንስር፣ መብረቅ የሚል ስም ሲሰጥ እንጂ የጨርቅ አሠራር ስም ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ዳሩ ግን ይህ ቡድን በ1976 እ.ኤ.አ. የሠራውን ሳነብ፣ ሐሳቤ ሳላስበው ወደ ድሬዳዋ ሄደ። እኛም የጥጥ ቡድን ነበረን።

ቅርጫት ኳስን ወደ ፊሊፒንስ ያመጡት በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካውያን ናቸው፤ በወወክማና በትምህርት ቤት በኩል። አገሬው ግን ጨዋታውን የራሱ አደረገው። በ1954 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ እስከ መውጣት ደርሷል። ቡድኖቹ ከጥንት ጀምሮ የኩባንያ ነበሩ። ተጫዋቹ በወረቀት «አማተር» ይባላል፤ እንጀራው ግን ከኩባንያው ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ቡድኖች ይህን የይስሙላ ነገር ትተው «አዎ፣ ተጫዋቾቻችንን እንከፍላለን» ብለው የእስያን የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ መሠረቱ። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ሚያዝያ 9 ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እዚህ አገር በዚያው ሰሞን የፋብሪካዎች ባለቤትነት ወደ መንግሥት እየዞረ ነበር።

የሊጉ ዓመት በሦስት ውድድር ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም ዋንጫ አለው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ቶዮታ ወሰደ፤ ክሪስፓ የደረሰው ሦስተኛው ብቻ ነው። አንዱ መኪና፣ ሌላው ካናቴራ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የቤተሰብ ማዕድ ሳይቀር ተከፈለ ይባላል። በ1976 እ.ኤ.አ. ክሪስፓ፣ «ቤቢ» በሚል የሕፃን ስም በሚጠራው በአሠልጣኝ ዳሉፓን እየተመራ፣ ሦስቱንም ዋንጫ ጠቀለለ። ከዚያ በፊት ማንም ያላደረገው ነው። የመጨረሻው የፍጻሜ ግጥሚያ አምስተኛ ጨዋታ ድረስ ተጎትቶ ነበር፤ ተጋጣሚውም ያው ቶዮታ ነው። አዶርናዶ፣ አቶይ ኮ፣ ፊሊፕ ሴዛር፣ ፋቢዮሳ የሚባሉት ስሞች ከዚያ ወዲያ የማኒላ ልጆች እንደ ጸሎት የሚደግሟቸው ሆኑ።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. በነበሩት ስድስት ዓመታት የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ሻምፒዮናነት አዲስ አበባ አላየችውም። አራቱን ጊዜ የወሰደው «ኮተን» በመባል የሚታወቀው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው፤ የቀረውን ሁለቱን ደግሞ የዚያችው ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን። ሁለቱም ፋብሪካዎች የጣሊያን ወረራ ዘመን ትራፊ ናቸው። አንዲት የባቡር ከተማ፣ በሁለት ፋብሪካ፣ የአገሩን ኳስ ስድስት ዓመት ይዛ ቆየች ማለት ነው። ይህ ነገር እንደ ተራ ነገር መታለፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከኮተን ሰዎች መካከል ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ይገኙበታል፤ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለዱ ወንድማማቾች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከግብፅ ጋር በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኗል። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ አገባ፤ ሁለተኛውን፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ አምበሉ ሉቺያኖ። በጭማሪው ሰዓት ሦስተኛውን ታናሽየው ኢታሎ፣ አራተኛውን የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አከሉ። 4 ለ 2። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ዋንጫውን የሰጡት ጃንሆይ። የዚያን ዋንጫ ታሪክ የምንተርከው በይድነቃቸውና በመንግሥቱ ስም ነው፤ ይገባቸዋልም። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱ ከአንድ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ልጆች እግር የወጡ መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

እኔ ያደግሁት አኖ ነው፤ ከባኮ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር። ፋብሪካ የሚባል አናውቅም። የእኛ ጥጥ ካልሲ ውስጥ ተጠቅጥቆ በሲባጎ የሚታሰረው ኳሳችን ነበር። ነቀምት ለትምህርት ስሄድ በግቢው ውስጥ መረብ የሌለው የቅርጫት ኳስ ቀለበት አየሁ፤ ለምን እንደተሰቀለ የሚነግረን ሰው ግን አልነበረም። በሬዲዮ የምንሰማቸው ቡድኖች ስም መብራት ኃይል፣ መድን፣ ባንክ፣ ቡና ገበያ፣ መቻል፣ ኦሜድላ ነበር። መሥሪያ ቤት ከመሥሪያ ቤት ሲጋጠም! ልጅ ሆኜ መብራት ኃይል ሲሸነፍ መብራት ይጠፋል ብዬ እሰጋ ነበር።

የመሥሪያ ቤት ቡድን በጎ ጎን እንዳለው አልክድም። ተጫዋቹ ደመወዝ አለው፤ ጉልበቱ ሲደክም የሚመለስበት የሥራ ወንበር አይጠፋም። ክፋቱ፣ ቤቱ ሲፈርስ ቡድኑም አብሮ መፍረሱ ነው። ቶዮታ ከ1983 እ.ኤ.አ. የውድድር ዓመት በኋላ ከማኒላው ሊግ ወጣ። ክሪስፓ በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ሦስቱንም ዋንጫ ሰብስቦ ነበር፤ ሆኖም አንድ ዓመት እንኳ ቆይቶ እሱም ተከተለ፤ ቦታውን ሼል፣ የነዳጁ ኩባንያ፣ ገዛው። ደጋፊው ምን ይሁን? ካናቴራ ሲወድ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ነዳጅ ውደድ ይባላል? ከመሥራቾቹ እስከ ዛሬ የዘለቀው ሳን ሚጌል ብቻ ነው፤ እሱም የቢራ ፋብሪካ ነው። ቢራ ከጥጥ ይልቅ ዕድሜ አለው መሰለኝ።

ኮተንም ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ1975 ዓ.ም. ነው። ማለትም ክሪስፓ ሁለተኛውን ጥቅልል ባደረገበት በዚያው በ1983 እ.ኤ.አ.። ኋላ ድሬዳዋ በሊጉ የተጠራችው በፋብሪካ ሳይሆን በራሷ ስም ነበር፤ ድሬዳዋ ከነማ። «ከነማ» የሚለው ቃል ራሱ በደርግ ጊዜ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ማኅበሩ ቀርቶ ስሙ ለረጅም ጊዜ ከኳሱ ጋር ቆየ። ነቀምትም በዚሁ ስም ትጫወት ነበር። የከተማ ቡድን እንደ ፋብሪካ አይዘጋም፤ ከተማው አለና። በጀቱ ግን በየዓመቱ ከከተማው አስተዳደር ነው የሚወጣው፤ ተጫዋቾቹም ሰኔ ሲገባ አንዱን ዓይናቸውን ኳሱ ላይ፣ ሌላውን ምክር ቤቱ ላይ ያደርጋሉ።