ዲፍራንኮ፣ አኒ

አኒ ዲፍራንኮ (የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1970፣ ባፋሎ፣ ኒውዮርክ) ግጥምና ዜማዋን ራሷ የምትደርስ፣ አልበሞቿንም በራሷ ኩባንያ የምታሳትም አሜሪካዊት የፎክ ድምፃዊትና የጊታር ተጫዋች ናት። ጊታር የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን፣ ገና በልጅነቷ በትውልድ ከተማዋ መሸታ ቤቶች ትጫወት ነበር።

የመጀመሪያ አልበሟ በ1990 በካሴት ወጣ። ያሳተመው ኋላ ራይቸስ ቤብ ሪከርድስ የተባለው የራሷ ድርጅት ነው። ትልልቅ አሳታሚዎች ውል ቢያቀርቡላትም አልተቀበለችም፤ በዚህም የሥራዎቿ ባለቤትነት ከእጇ አልወጣም። ካሴቶቿን በየኮንሰርቱ እየሸጠች፣ ያለማቋረጥ እየዞረች አድማጭ አፈራች። ኩባንያው የሌሎችን ሙዚቀኞች ሥራ ያሳትማል፤ በባፋሎ ሊፈርስ የነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንንም አድሶ ቤብቪል የተባለ የኪነ ጥበብ ማዕከል አድርጎታል።

አጨዋወቷ ከበሮ መምታትን ይመስላል፦ ከመደበኛው ቅኝት ውጭ የተቃኙ የአኩስቲክ ጊታር ክሮችን፣ በፕላስተር በታሰረ ሰው ሠራሽ ጥፍር በኃይል ትመታለች። ግጥሞቿ የሴቶችን መብት፣ ጦርነትን፣ ዘረኝነትንና ፍቅርን ያነሳሉ። ከሥራዎቿ «ኖት ኤ ፕሪቲ ገርል» (1995) እና «ዳይሌት» (1996) ይጠቀሳሉ። የሠራተኛ መብት ተሟጋቹን የዩታ ፊሊፕስን ትረካዎች ከሙዚቃ ጋር ያዋሃደችበት የ1996 አልበም ከሌሎቹ የተለየ ነው።

በ2004 ያገኘችው የግራሚ ሽልማት ለዘፈን ሳይሆን ለ«ኢቮልቭ» አልበም ሽፋን ንድፍ የተሰጠ ነው። በድምፃዊቷ አናይስ ሚቼል «ሄዲስታውን» አልበም (2010) ፐርሰፎኒ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ሆና ዘፍናለች፤ በ2024ም ይህንኑ ገጸ ባሕርይ በሥራው የብሮድዌይ መድረክ ዝግጅት ተጫውታለች።