ከስንዝሮ እስከ ጀምበር

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ አንዲት ሥዕል ናት። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ላፍቶ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ እርሳስ ስትቀርጽ አገኘኋትና፣ «እስቲ አንድ ጀግና ሣይልኝ» አልኳት። ብዙም አላሰበች። ካባ የደረበ፣ ፊቱን የሸፈነ፣ ከፎቅ በላይ የሚበር ሰው ሣለች። ስሙን ብጠይቃት የነገረችኝ የፈረንጅ ስም ነው። ለጨዋታ ያህል፣ «ሽሮ ይወዳል?» ብላት ከት ብላ ሳቀችብኝ።

«አባባ ደግሞ! ጀግና ሽሮ ይበላል እንዴ?»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ለመሆኑ ጀግናችን ሽሮ መብላት የተወው ከመቼ ወዲህ ነው?

እኔ ያደግሁት እዚሁ ንፋስ ስልክ ነው። በልጅነቴ የማውቀው ጀግና የሚበላው እኛ የምንበላውን ነበር፤ ቁመቱም ከአንድ ስንዝር አያልፍም። ስንዝሮ ይባላል። ተረቱን ሁሉም በየቤቱ በየፊናው ያወራዋል፤ አያቴ ምድጃ ዳር ስታወራው ግን ስንዝሮና ወንድሞቹ መንገድ መሽቶባቸው ከጭራቅ ቤት ያድራሉ። ትልልቆቹ ወንድሞች ወዲያው ያንኮራፋሉ። ስንዝሮ ግን አይተኛም። ጭራቋ ቢላዋዋን ስላ ትመጣና «ስንዝሮ፣ አልተኛህም?» ትለዋለች። እሱም በትሕትና፣ «እማማ፣ እኔ እኮ ውኃ በወንፊት ተቀድቶ ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላታል። ጭራቋ ወንፊት ይዛ ከወንዝ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ወንዝ ስትመላለስ ይነጋል፤ ወንድማማቾቹም ያመልጣሉ። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። በማግስቱ ማታ ሌላ ጉድ ይከተላል። አስማት አለበት፣ ትግል አለበት፣ ሳቅ አለበት። ዛሬ «ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት» እየተባለ በፊልም የሚመጣልን ሁሉ ምድጃችን ዳር ነበረ።

ኋላ ሳስበው፣ ስንዝሮ ጭራቋን በጉልበት አላሸነፋትም፤ አስቆባት ነው ያመለጠው። ጉልበት በሌለው ሰው ቤት ጀግና ማለት ጉልበተኛውን መሳቂያ የሚያደርግ ነው።

የሰፈራችን ስም ራሱ ተረት ይመስላል። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በአካባቢው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ሲተከል፣ ያለ ሽቦ ወሬ የሚያደርሰውን መሣሪያ ሰዉ «የንፋስ ስልክ» አለው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን በዚያው በንፋሱ ላይ መጣ፤ በእሱም አባባ ተስፋዬ መጡ። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን ሴት ሆነው የተጫወቱ ተዋናይ ናቸው። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ስላልነበረ በጎረቤት መስኮት ተንጠልጥዬ ነው ያየኋቸው። አያቴ ምድጃ ዳር የጀመረችውን እሳቸው ለአገር ቀጠሉት ብል አላጋነንሁም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ልጆቻችን በብዛት የሰው አገር ጀግና ሲያዩ አሳለፉት። ይሁን እንጂ ክሩ አልተበጠሰም። እ.ኤ.አ. በ2005 አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ፀሐይ የምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት በቴሌቪዥን አቀረበችልን። በኋላም «ጥበብ ገርልስ» በሚል ስም ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች በካርቱን ተነሡ፤ የሚዋጉትም ያለዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ብሥራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ በሚባለው ድርጅቱ በኩል «ጀምበር» የተባለውን ተከታታይ የሥዕል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። በዓመቱ ሴት ጀግና ያላት «ሀዊ» ተከተለች። ለአንባቢ ላስተዋውቀው የፈለግሁት ይህን ጀምበርን ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ልብ በሉ፤ ባለጸጋ አይደለም፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ልዑልም አይደለም። ደመወዝ ሲጠብቅ ተአምራዊ ኃይል የደረሰው የሰፈራችን ልጅ ነው። ስንዝሮን በቁመት ቢበልጠው ነው እንጂ ወንድሙ ነው።

«ይህ የሥዕል ታሪክ የሚሉት ነገር የፈረንጅ ነው፤ የእኛ አይደለም» የሚል አይጠፋም። አነጋገሩ እውነት አለው። ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»ም እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው ሮም ነው። መልኩ ከውጭ መጣ፤ ቋንቋውና ሰዎቹ ግን የእኛ ሆኑ። ጀምበርንም የምመዝነው በካባው ሳይሆን በአንደበቱና በችግሩ ነው።

ስለዚህ ልጅ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ስንዝሮን አውሩላቸው፤ ቀጥሎ ጀምበርን አብራችኋቸው አንብቡ። እኔ እንዲሁ አደረግሁ። የልጅ ልጄ እየሳቀች ሥዕሉን በጣቷ ስትከተል፣ ከተመረቀ ሁለት ዓመት የሆነው የመጨረሻው ልጄ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ዞሮ ገባ። ቆሞ ጥቂት ሰማ። አልሳቀም።

«ኃይሉንስ አገኘ» አለ፤ «ሥራውንስ?»

መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ በረንዳው ላይ ተቀመጠና እስኪመሽ አነበበው።