ሃይፖታይሮይዲዝም፦ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ

ከማንቁርት ዝቅ ብሎ አንገት ላይ ታይሮይድ የሚባል ትንሽ ዕጢ አለ። ከጨውና ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን ሆርሞን እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ ሰውነት ጉልበት የሚያወጣበት ፍጥነት በዚህ ሆርሞን ይወሰናል። ዕጢው በቂ ሆርሞን ማምረት ሲያቅተው ሐኪሞች ሃይፖታይሮይዲዝም ይሉታል፤ በአማርኛ «የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ» ማለት ይቻላል። «እንቅርት» ግን አይተካውም። እንቅርት የዕጢው ማበጥ ነው፤ ሆርሞናቸው አንሶ አንገታቸው ምንም ያላበጠ ብዙዎች ናቸው።

የሕመሙ ክፋት ምልክቶቹ ተበታትነው መምጣታቸው ነው። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መሳሳት፣ ድብርት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ «ዕድሜ ነው»፣ «ሐሳብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሌሊት ጣቶቿ ደንዝዘው እጇን እያራገፈች የምትነቃ ሴትም ነገሩን ከአንገቷ ጋር አታያይዘውም። ሆርሞኑ ሲያንስ ግን የእጅ አንጓ ውስጡ ያብጥና በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈውን ነርቭ ሊጫነው ይችላል። ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም የማጥራት አቅሙ ይቀንሳል፤ የልብ ምት ይዘገያል፤ ማርገዝ ሊያስቸግር ይችላል። የወር አበባ ሲበዛ ደግሞ ደም ማነስ ይከተላል፤ በድካም ላይ ሌላ ድካም፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

የደከመው ሁሉ የታይሮይድ ችግር አለበት ማለት አይደለም። የሚለየው ቲኤስኤች የተባለው የደም ምርመራ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን ነው፤ ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይበረታል፣ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ለእጁ ቅባት፣ ለደሙ ክኒን፣ ለኮሌስትሮሉ ሌላ መድኃኒት እየተቀበሉ ዓመታት ከመግፋት ሐኪምን ስለዚህ ምርመራ መጠየቅ ይሻላል፤ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

መድኃኒቱ አለና። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ታይሮይድ ያዘጋጀውን ፈሳሽ በጠና ለታመመች ሴት በመርፌ ሰጣት፤ ሕክምናውን እየወሰደች 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የተባለ ክኒን በየቀኑ ይዋጣል፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ቡና መድኃኒቱ በደንብ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ ቁርሱም ቡናውም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ለደም ማነስ የታዘዘ የብረት ክኒን ካለም ከእሱ ጋር አይዋጥም፤ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቅ።