የፈረሱላ ሒሳብ

የቡና ገበሬ ልጅ ማባዛትንና ማካፈልን የሚለማመደው ፈተና ለማለፍ ብቻ አይደለም። በጌጫና በአካባቢዋ ዕውቀቱ የሚፈተነው ሚዛን ፊት ነው።

ፈረሱላ በቡና ንግድ የቆየ መለኪያ ነው፤ 17 ኪሎ ይመዝናል። ዘጠኝ ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው ቢሉ፣ 9 ሲባዛ በ17፣ 153 ይሆናል። ነገሩ የሚከብደው ግን ሲካፈል ነው። 160 ኪሎ ለ17 ሲካፈል 9 ደርሶ 7 ይተርፋል። ቀሪውን ማስላት ያልቻለ ገበሬ የዘጠኝ ፈረሱላ ዋጋ ተቀብሎ ቢሄድ፣ የሰባት ኪሎ ልፋቱ ለገዢው ይቀራል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፊደል ጋር ስሌትን ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነበር የምለው ስለዚህ ነው። የዘመቻው ቋንቋዎች እየተጨመሩ 15 ሲደርሱም፣ የከፋና የሸካ ሰዎች የሚናገሩት ከፋ-ሞቻ አንዱ ሆነ። ሰው መቁጠር የሚጀምረው በአፍ መፍቻው ነውና።

የማባዛት ሰንጠረዥ በቃል መያዙ መልካም ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን መምህሩ ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ፈረሱላንም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ልጁ ያን ጊዜ ቀሪ የሚባለው ቁጥር የአባቱ ቡና መሆኑን ያያል።